የጥሩወርቅ ማንኪያ

የሞቷን ወሬ የሰማሁት የባቄላ ሥር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ይዤላት ስሄድ ነው።

ጊዜው የመስከረም መጨረሻ ነበር። በጠዋት ከቤቴ ተነስቼ፣ ቀስ እያልኩ፣ ሆሳዕና ገባሁና የአፈር ምርመራው ቢሮ በር ላይ ደረስኩ። ዘበኛው ያውቀኛል። እኔም ዕድሜዬን በዘበኝነት የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ሰላምታችን ሁልጊዜ ይረዝማል፤ ጉልበቱን እጠይቀዋለሁ፣ ጉልበቴን ይጠይቀኛል። የዚያን ቀን ግን ጉልበቴን አልጠየቀኝም። ጨርቁን አየና፣

«ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ አደራዋን ነው ያመጣሁት። ገብታለች?»

«አባባ፣ አልሰሙም እንዴ?»

ሰው እንዲህ ካለህ በኋላ የሚቀር ነገር የለም፤ የተረፈውን ልብህ ራሱ ይጨርሰዋል። እሱ ግን ደግ ሰው ነውና ነገረኝ። ታማ አዲስ አበባ መወሰዷን፣ እዚያው ማረፏን፣ አስከሬኗ መጥቶ እዚሁ ከእናቷ ጎን መቀበሯን። አርባዋም ወጥቷል አለኝ። አርባዋ! እኔ ከከተማው ዳር ተቀምጬ፣ ክረምቱ መንገዱን ጭቃ አደረገው ብዬ፣ ባቄላው በቀለ፣ ባቄላው አበበ እያልኩ የምነግራትን ወሬ ሳጠራቅም፣ ለካ እሷ አፈር ከገባች አርባ ቀን አልፏታል።

ጨርቁ ጫማዬ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ኪሴ ውስጥ ደግሞ ማንኪያዋ አለ። እሱንም ልመልስላት ነበር የመጣሁት። «ትንሽ ይቀመጡ» ብሎ ዘበኛው አግዳሚውን ጠረገልኝ። እዚያ ተቀመጥኩ። እስቲ እኔ እዚያ ተቀምጬ ልቆይና ስለሷ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከእኔ ጥፋት ነው።

በእኛ በሀዲያዎች ቤት ጥራጊ አይጣልም። እንሰት ያሳደገው ሕዝብ ነን። የቤት ጥራጊ፣ የምድጃ አመድ፣ የከብት እበት፣ ሁሉም ወደ ተክሉ ነው የሚሄደው። የአንድን ቤት ጉብዝና ለማወቅ አፈሩን ታያለህ። አፈሩ ቀይ ከሆነ ሰነፍ ቤት ነው። ጥቁር ከሆነ ሦስት ትውልድ ተሸክሞለታል ማለት ነው። ሰው ከሥራ ሲመለስ ባዶ እጁን አይገባም፤ ምንም ቢያጣ ለመሬቱ የሚሆን ነገር ይዞ ይገባል። አባቴ እንዲህ ነበር። እኔም እንዲሁ።

ታዲያ እኔ ዘበኛ የነበርኩት ሆሳዕና አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። ከጋራዡ ጓሮ አሮጌ የመኪና ባትሪ ይሰበራል፤ ውስጡ ያለው እርሳስ በከሰል ይቀልጣል። አመዱና ጥቁሩ ዱቄት ይከመራል። መጥረጉም የእኔ ሥራ ነበር። ይህን የመሰለ ጥቁር ነገር መንገድ ዳር መድፋት ለእኔ ኃጢአት መስሎ ታየኝ። በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላሁ፣ ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ማታ ማታ ወደ ቤቴ። አንድ ወር አይደለም፤ ዓመታት ነው። የታቹን ማሳዬን በዚያ አለበስኩት። ጥቁር ሆነ። አላፊ አግዳሚው «ኤርጃቦ ጎበዝ ነው» ሲል ደረቴ ይነፋል።

ባለቤቴ ታደለች ግን አንዲት ቁና እንኳ እንሰቷ ውስጥ አላስገባችም። «የጋራዥ ጠረን ተክሌ ላይ አላሳድርም» አለች። ስቄባታለሁ። ኋላ ያ እንሰት ነው ያኖረን።

በታቹ ማሳ መጀመሪያ የተያዘው በቆሎው ነው። ጉልበቴ ላይ ሳይደርስ ቅጠሉ ወይን ጠጅ መሰለና ቆመ። ባቄላው ቢጫ ሆነ። ነጭ ሽንኩርቱ እንደ ጥርስ ትንሽ ሆኖ ቀረ። ጎመኑ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ቅጠሉ እንደ ጃንጥላ! በዚያው ዓመት ልጃችን ምሕረት ሙዱላ ያለው ትዳሯ ፈርሶ ሁለት ልጆቿን ይዛ ተመልሳ ነበር። ወንድሞቿ የየራሳቸውን ድርሻ ወስደዋል። ለሷ የቀረው የታቹ ማሳ ነው፤ ሌላ የማወርሳት ቁራሽ መሬት የለኝም። ስለዚህ ያ በቆሎ ሲቀጭጭ እኔ የማየው የልጄን ነገር ነበር። የቀበሌው ልማት ሠራተኛ ማዳበሪያ ጨምር አለኝ፤ ጨመርኩ፤ ባሰ። በሁለተኛው ዓመት «አባባ፣ ይሄ ከእኔ በላይ ነው» አለና ሄዶ ለአፈር መርማሪዋ ለጥሩወርቅ ነገራት።

ብቻዋን መጣች። ወደ ሃምሳ የሚጠጋት፣ ጠይም፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ሴት። አባቷ ከጎጃም ለመምህርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። ሰላም አለችንና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ማሳው መሃል ተንበረከከች፣ ከቦርሳዋም የሾርባ ማንኪያ አወጣች።

«ዶማ ላምጣልዎት?» አልኳት።

«ዶማ ለጠላት ነው» አለች። «ሥር አይነቀልም አባባ። ይለመናል።»

በማንኪያዋ አንዷን የባቄላ እግር ዙሪያዋን ቀስ እያለች መክፈት ጀመረች። ታደለች ደጃፉ ላይ ቆማ ታያለች። በሀዲይኛ፣ «ወይ ጉድ! መንግሥት ዶማ አለቀበት እንዴ ሴትዮዋን በማንኪያ የላካት!» አለችኝ።

ጥሩወርቅ ቀና ሳትል፣ ከእኛ በጠራ ሀዲይኛ፣ «ዶማውስ ሞልቷል እትዬ፤ የሚቆፍርበት ነው የጠፋው» ብላ መለሰች።

ታደለች መጋረጃው ውስጥ ገብታ ተደበቀች። እኔ ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ነው «እርስዎ አይበሉኝ፣ አንቺ ይበሉኝ» ያለችኝ፤ እኔም እንዲያው አደረግኩ።

አንድ ልማድ ነበራት። አፈሩን በውኃ አርሳ በሁለት ጣቷ ይዛ ጆሮዋ ሥር ታሸዋለች። «አሸዋ ያወራል፣ ሸክላ ዝም ይላል» ትል ነበር። የዚያን ቀን ግን ልትሰማው ወደ ጆሮዋ ወሰደችና ሳትሰማው እጇን አወረደች። ጣቷን አየችው። ጠቆረ። አሸተተችው።

«ይሄን ጎመን ማን ይበላዋል?»

«እኛው ነን» አልኳት በኩራት። «ለጎረቤትም እንሰጣለን። የልጅ ልጆቼ ይወዱታል።»

«ይሄ ጥቁር ነገርስ ከየት መጣ?»

«ከጋራዥ። በዚህች ትከሻዬ ነው ያመጣሁት፣ የባትሪ አመድ ነው።»

እንድታደንቀኝ ጠበቅኩ። እሷ ግን መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሥሩን በጨርቅ ጠቀለለች፤ ከአጥሩ ማዶ ከጎረቤቴ ማሳም ሌላ የባቄላ እግር ለምና፣ «ነገ ቢሮ ይምጡልኝ» አለችኝ። ስትወጣ ታደለችን ጠርታ «እትዬ፣ ዛሬ ከዚህ ጎመን አይቅጠፉ። ምክንያቱን ነገ እነግራችኋለሁ» አለቻት።

በማግስቱ ሄድኩ። ጠረጴዛዋ ላይ ትንሽ ቡታጋዝ አላት። ሥሮቹን ቀቅላ፣ አጥባ፣ በኮምጣጤና በሰማያዊ የብዕር ቀለም ነክራቸዋለች። የማውቀው ቢሮ ወረቀት የሚጻፍበት ነበር፤ ወጥ ቤት ሆኖ ሳየው ደስ አለኝ። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሼ እንዳይ አደረገችኝ።

«ምን ይታይዎታል?»

«ጥቁር ጥቁር እንጨት። ይንቀሳቀሳል።»

ከት ብላ ሳቀች። «የራስዎ ሽፋሽፍት ነው! ግድ የለም አባባ፣ መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚያየው ራሱን ነው። ትንሽ ራቅ ይበሉ።»

ራቅ አልኩ። ያን ጊዜ አየሁ። የጎረቤቴ ባቄላ ሥር ውስጥ ሰማያዊ ክር፣ እንደ ሸማ ክር፣ ወዲያና ወዲህ የተዘረጋ። ክሩ ላይ እንደ ትንንሽ ዛፍ ያለ፣ እንደ እንቁላልም ያለ ነገር። እንዲህ ያለ ነገር አፈር ውስጥ እንዳለ በዚህ ዕድሜዬ የነገረኝ አልነበረም።

«ፈንገስ ነው» አለች። ፈንገስ ሲባል እኔ የማውቀው የእግር ጣት የሚያሳክከውን ስለነበር ፊቴን አጨማደድኩ። «አይ፣ ይሄኛው ባለውለታ ነው። የሥር እጅ አጭር ነው። እነዚህ ክሮች ሥሩ የማይደርስበት ድረስ ሄደው ምግብና ውኃ ያመጡለታል። እሱ ደግሞ ቅጠሉ በፀሐይ ያዘጋጀውን ስኳር ያካፍላቸዋል።»

«ደቦ ነው በይኛ።»

«ደቦ ነው።» ቃሉ ደስ አላት መሰለኝ ደገመችው። «ደቦ ነው። አሁን ደግሞ የእርስዎን ይዩ።»

የእኔን ባቄላ ሥር አሳየችኝ። ባዶ ነበር። ሰው ለቆት እንደሄደ ቤት። እዚህም እዚያም የተቆራረጠ ነገር አለ እንጂ ክር የሚባል የለም። ከባትሪው የመጣው እርሳስና ሌላውም ብረት አፈሩ ውስጥ በዝቶ ክሮቹን እንደገደላቸው፣ በቆሎውና ባቄላውም ደቦው ሲፈርስባቸው እንደተራቡ ነገረችኝ።

«ጎመኑስ? ጎመኑ አልተራበም!»

«ጎመን ደቦ አያውቅም አባባ። ብቻውን ይሠራል፣ ብቻውን ይበላል። ክሮቹ ኖሩ ሞቱ አይገደውም። እርሳሱንም ሳይጠይቅ ወደ ቅጠሉ ይስበዋል። በተለይ ለልጆች መጥፎ ነው።»

አመዱን የተሸከምኩባትን ትከሻዬን ያዝኩ። ለጎረቤት የሰጠሁት፣ የልጅ ልጆቼ የበሉት ሁሉ ትዝ አለኝ። እሷ ወንበር ሳበችልኝ እንጂ አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገረችም። በማግስቱም ቤተሰቡን በሙሉ፣ ጎረቤቶቼንም ጭምር፣ ራሷ ይዛን ሐኪም ጋ ሄደች፤ ምን ስንበላ እንደኖርን ለሐኪሙ የነገረችው እሷ ናት፤ እኔ መናገር አቅቶኝ ነበር። ልጆቹ ለብዙ ጊዜ ክትትል ላይ ነበሩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናቸው።

ጎመኑን መንቀል ግን ሌላ ጣጣ ነበር። ታደለች በሩ ላይ ቆመች።

«ሰው ሲበላው የኖረውን ምግብ መርዝ ነው ትላለች! በማንኪያ ቆፍራ፣ በቀለም ቀቅላ!»

«የምሕረት እናት፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አልኳት።

«ዓይንህ መቼ መርፌ ያይና ነው!» ከዚያ ወደ ጥሩወርቅ ዞረች። «ደግሞ አንቺን አውቅሻለሁ። ፊትሽ ከየት ነው የማውቀው ስል አደርኩ። ድሮ እኛ ጸሎት ቤት አዳራሽ ሥልጠና ብለሽ መጥተሽ ‹አመድ አትጣሉ፣ አመድ ሁሉ ለመሬት ወርቅ ነው› ያልሽን አንቺ አይደለሽም?»

እኔም አውቄያት ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቄያት ነበር፤ መናገር አልፈለግኩም እንጂ። ለማስተባበል ቸኮልኩ፣ «የምድጃ አመድ ነው ያለችው፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩ።

ጥሩወርቅ ራሷን ነቀነቀች። «የምድጃ አላልኩም አባባ። ‹አመድ ሁሉ› ነው ያልኩት። አስታውሳለሁ።» ከዚያ ለታደለች፣ «አዎ እትዬ። እኔ ነኝ» አለቻት።

ይህንን ብቻ ነው ያለችው። አልማለችም፣ አላለቀሰችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ተንበረከከችና ጎመኑን ከዳር ጀምራ መንቀል ጀመረች። አንድ መስመር ጨረሰች። ሁለተኛውን ስትጀምር ታደለች ከበሩ ወረደች፤ አጠገቧ ተንበርክካ እሷም ትነቅል ጀመር። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ማሳውን ጨረሱት። እኔ ተሸካሚ ሆንኩ። የለመድኩት እሱን ነው።

ከዚያ ወዲህ ስንት መሥሪያ ቤት፣ ስንት አለቃ፣ ስንት የተማረ ሰው ስሕተቱን ሲሸፍን አይቻለሁ። ባየሁ ቁጥር ያቺ ጭቃ ላይ የተንበረከከች ሴት ትመጣብኛለች።

መሬቱ በአንድ ቀን አልታመመምና በአንድ ቀን አይድንም አለችን። «አፈር ቸኩሎ አያውቅም።» አራት ክረምት ለምግብ የሚሆን ነገር እንዳንዘራ አዘዘችን። የላዩን ጥቁር ፍቀን በጆንያ አደረግነው፤ ወዴት እንደሚሄድና እንዴት እንደሚቀበር እሷ ከቢሮዋ ሰዎች ጋር ጨረሰች። ኖራ ጨመርን። ታደለች የእንሰቷን እበት ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ማሳ አካፈለች፤ ይህን ስታደርግ ፊቷን ብታዩ ኩላሊቷን የሰጠች ነው የሚመስላችሁ። ሣር ተከልን፤ ሣሩን ለከብት እንዳንሰጥ አስጠነቀቀችን። ጋራዡም ባትሪ ማቅለጡን ትቷል ብለውኛል፤ እሷ ተመላልሳ ነው ያስተወችው።

ክሮቹን ከየት እናምጣ ብዬ ስጠይቃት፣ ከዶዮገና ከአንድ የቆየ የእንሰት ጓሮ አፈር ታመጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ጥቂት ከዚያም አምጥታለች። ዋናውን ግን ከየት እንዳገኘችው ልንገራችሁ። ከማሳው ጥግ፣ አጥሩ ሥር፣ ማንም ያልተከለው አንድ የዱር ሣር ነበር። መርዙ መሃል አረንጓዴ ሆኖ የቆመ። ሥሩን ለምና ወስዳ ስታየው ክር አለው። ሮጣ መጣች፤ ያቺ ሴት ስትሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አባባ! የተረፉ አሉ!»

«የት?»

«ጥግ ላይ! ሁሉንም ነገር አይተው ያልሞቱ። የውጭዎቹ ይሄን አፈር አያውቁትም፤ እነዚህ ግን ተፈትነዋል። እነሱን ነው የምናበዛው።»

የዚያን ሣር አፈር ወስዳ በአሮጌ ሳፋ ውስጥ ማሽላ ዘራችበት። ማሽላው ሲያድግ ክሮቹም አብረውት ይራባሉ። ከዚያ አፈሩን እያመጣች በማንኪያ፣ በማንኪያ፣ ማሳው ውስጥ ቀበረችው። እኔ ጉድጓድ ስቆፍር እሷ ትጨምራለች፤ ታደለች ከኋላ ትከድናለች። ያየን ጎረቤት ሁሉ «እነዚህ ሦስቱ ምን ይቀብራሉ?» ይባባል ነበር።

«እነዚህ ክሮች ሲበዙ እርሳሱን እነሱ ጋ ይይዙታል፣ ወደ ተክሉ እንዲያልፍ አይፈቅዱም» አለችኝ አንድ ቀን።

«ሁሉንም?»

«ሁሉ አላልኩም» አለች፤ ሳቀች። ታደለችም ሰምታ ሳቀች። ያቺ ቃል በመካከላችን እንዲህ ሆና ቀረች፤ መጀመሪያ እንደ እሾህ፣ ኋላ እንደ ጨዋታ።

በየወቅቱ ትመጣ ነበር። የመኪና አበል ቢኖር ባይኖር፣ አለቃዋ ቢያውቅ ባያውቅ። ከታደለች ጋር ደግሞ የጾም ጣጣ ነበራቸው። ታደለች አንድ ረቡዕ ቀን ክብሯ ነው ብላ ቅቤ የጠጣ አተካና፣ የቡላ ምግባችንን፣ አቀረበችላት። ጥሩወርቅ ጾም ነው አለች። ታደለች ተቀየመች፤ «እግዚአብሔር አንቺን አፈር ላይ ተንበርክከሽ እያየሽ ስለ ቅቤ ይጠይቅሻል?» አለቻት። «እሱስ አይጠይቀኝ ይሆናል፣ እናቴ ግን ትጠይቀኛለች» ብላ መለሰች። ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ ለሷ ድንች ይቀቀላል፣ ዳጣ ይዘጋጃል። ታደለች የማንንም ጾም አስታውሳ አታውቅም ነበር፤ የጥሩወርቅን ግን በቃሏ ይዛው ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ የመጣችው በግንቦት ነው። ከስታ ነበር።

«ጾም ነው ያከሳሽ?» አልኳት።

«ጾሙማ ተፈትቷል አባባ።» ፈገግ አለችና ነገሩን አሳለፈችው። እኔም ሞኝ፣ አሳለፍኩት።

የዚያን ቀን አልተንበረከከችም። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ማሳውን ብዙ ጊዜ አየችው። አፈሩን አንስቼ ሰጠኋት፤ አሸችና ጆሮዋ ላይ ያዘችው። «ዘንድሮ ባቄላ ይዝሩበት» አለች። «ፍሬውን ግን ሳይመረመር እንዳትበሉ። ሲያብብ አንድ እግር ይለምኑልኝ። ሳያጥቡት፣ በእርጥብ ጨርቅ። እኔ አየዋለሁ።» ማንኪያዋን ከቦርሳዋ አወጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ይሄ እርስዎ ጋ ይቆይ።»

«አንቺ በምን ትለምኛለሽ?»

«እኔ ትንሽ አርፋለሁ» አለችኝ።

ይኸው ነው። እስከ መንገዱ ሸኘኋት። ባጃጅ ውስጥ ገብታ እጇን አወጣች፤ ጣቶቿ ላይ አፈር ነበር።

እንግዲህ እኔ ይህን ሁሉ እያሰብኩ አግዳሚው ላይ ነኝ። ወደ ቤቴ ልመለስ ተነስቼ ነበር፤ ሥሩን ምን እንደማደርገው አላወቅኩም። የሚያየው ከሌለ ሥር ምን ያደርጋል? በዚህ መሃል ነጭ ካፖርት የለበሰች ወጣት ከውስጥ ወጣች። ሜሮን ነበረች፤ ጥሩወርቅ እጇን ይዛ ሥራ ያስተማረቻት ልጅ።

«አባባ ኤርጃቦ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ልጄ።»

«ጥሩዬ ነግራኛለች። ‹ባቄላ ሲያብብ አንድ ሽማግሌ ሥር ይዘው ይመጣሉ፤ እንዳትመልሻቸው› ብላኝ ነው የሄደችው። ይግቡ።»

ገባሁ። ያው ጠረጴዛ፣ ያው ቡታጋዝ፣ ያው የኮምጣጤ ሽታ። ወንበሯ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ሜሮን ሥሩን ተቀበለችኝ፤ ቀቀለችው፣ አጠበችው፣ ቀለሙ ውስጥ ነከረችው። ጊዜ ወሰደ። እኔ በዚያ መሃል እጸልይ ነበር፤ እግዚአብሔር ስለ ፈንገስ ጸሎት ሰምቶ እንደሆነ አላውቅም። መጀመሪያ ራሷ አየች። ከዚያ ተነስታ ቦታውን ለቀቀችልኝ።

አጎነበስኩ። ጥቁር እንጨት ታየኝ። ይንቀሳቀሳል።

«የራሴን ሽፋሽፍት ነው ያየሁት» አልኩ።

ሜሮን ሳቀች። «ግድ የለም አባባ፣ መጀመሪያ ሁሉም ሰው...» ብላ ጀመረችና መጨረስ አቃታት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔም ዓይኔ እርጥብ ስለነበር ለማየት ቆየሁ። በካፖርቷ ጫፍ መስታወቱን ጠረገችልኝ።

ራቅ ብዬ አየሁ። ሰማያዊ ክር። የጎረቤቴን ያህል ድርና ማግ አይደለም። ግን አለ። ከዳር ተነስቶ፣ ሄዶ፣ ተቆርጦ፣ ደግሞ ትንሽ እልፍ ብሎ ይቀጥላል። በአንድ ቦታ ያቺ ትንሽ ዛፍ የምትመስለው ነገር ነበረች። አንድ ነበረች፤ ቆጠርኳት።

«ተመልሰዋል?» አልኩ።

«ተመልሰዋል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉ አልልም አባባ» አለችኝ። ይህችን ቃል ማን እንዳስተማራት አልጠየቅኩም። ፍሬው ሲደርስ አዲስ አበባ ልካ እርሳሱን እንደምታስመረምርልኝ ነገረችኝ። እስከዚያ እንዳንበላ አደራ አለችኝ። እሺ አልኩ። አፈር ቸኩሎ አያውቅም።

ማንኪያውን ላስረክባት ከኪሴ አወጣሁት። አየችው፤ አወቀችው። «እርስዎ ጋ ይቆይ ብላ የለ?» አለችኝና መዳፌን መልሳ ዘጋችው።

ከዚያ ወጥቼ መቃብሯ ጋ ሄድኩ። እኛ ጸሎት ቤት የምንሄደው ሰዎች መቃብር ላይ የምናበዛው ነገር የለም፤ ምን እንደሚደረግም አላውቅም። ቆሜ ነገርኳት። አንዲት ዛፍ አለች አልኳት።

ቤት ስደርስ ታደለችና ምሕረት ማሳው ዳር ቆመው ይጠብቁኛል። የባቄላው አበባ ሽታ እስከ መንገዱ ይመጣ ነበር። መጀመሪያ የክሩን ነገር ነገርኳቸው፤ ምሕረት አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ የጥሩወርቅን ነገርኳቸው። ታደለች ተቀመጠች። «ለረቡዕ ድንች ገዝቼ አስቀምጬላት ነበር» አለች።

በኋላ ተነስታ እጇን ዘረጋችልኝ። ማንኪያውን ሰጠኋት። አሁን ውኃ ውስጥ ትነክረዋለች ብዬ «አትጠቢው» ልላት አፌን ስከፍት፣ እሷ አፈሩ እንደተጣበቀበት ወስዳ ምሕረት እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«ዶማ እንዳትነኪ» አለቻት። «ሥር አይነቀልም፤ ይለመናል።»